ብሎንና ደንገል

ባዘዘው የመጣው ቅዳሜ በጠዋት፣
ያቺን ስፖርት መኪናውን ይዞ፣ ከመሬት የተለጠፈች፣ ባለ ሁለት በር እሳት፤
ካሜራ አወጣ ከጃኬቱ ኪስ፣
የክብሪት ቀፎ ታህላለች፣ ዓይኗ ግን የአሞራ፣ የማይመለስ።
"እዚህ ውስጥ ስካልኝ፣ መንገዱን ትቅዳልኝ።
ሰኞ ትሸጣለች። ሌላ አትጠይቀኝ።"

የእኔ ሙያ ብየዳ ነው፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤
የሲኖ ሻንሲ ያቃናሁ፣ የባጃጅ አጥንት የጠገንኩ፣ ብዙ ያየሁ የብረት እንባ፤
ካሜራ ግን ሰክቼ አላውቅም።
"ቀላል ነው" አልኩት። ባለሙያ "አላውቅም" አይልም።

ላሜራ ቆረጥኩ፣ አጎበጥኩ፣ በሳሁ፣
በአሥር ቁጥር ቁልፍ ብሎኑን አጠበቅሁ፣
ከዳሽቦርዱ በላይ፣ ከመስታወቱ ሥር አቆምኩና
እስከ ጊዮርጊስ ነድተን ተመለስን እንደገና።

ከፍተን ስናየው፣
ዘንባባው ይንቀጠቀጣል ወባ እንደያዘው ሰው፤
ሕንፃው ይዘላል፣ አስፋልቱ ይፈላል እንደ ሽሮ፣
ሞተሩ ያጉረመረመውን ሁሉ ብረቱ ለካሜራዋ ነግሮ።

ብረት ወሬኛ ነው።
ጭንቁን ብቻውን አይችልም፤ ያቀብላል ለጎኑ፤
ከሞተር ለሻንሲው፣ ከሻንሲ ለብሎኑ፣
ከብሎን ለዓይን።

የካላማደሪያ ቁራጭ ከሥሯ አስገባሁ፣ የፍራሽ ስፖንጅ፣ የሕፃን ጫማ ሶል።
"አይሆንም" ይላል ባዘዘው፣ ጥፍሩን እየበላ፤
"አይሆንም" እላለሁ እኔም፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ ሌላ እየፈለግሁ፣ ሌላ።
ስመኝ ናት የመጣላት መላ፤
ተለማማጄ ናት፣ አባቷ ታንኳ ይሠራል ከሐይቁ ዳር፤
"ማዕበል የሚችል" አለች "ብረት አይደለም፤ ሣር።"

በብስክሌት ሄደች። ተመለሰች፣ ክንድ የሚያህል ደንገል ታቅፋ፣
ነጭ ሆዱ የሚለሰልስ፣ ጫፉ ገና ውሃ የሚተፋ፤
አባቷ የታንኳ አፍንጫ እንደሚጠፍር፣ እሷም ጠፍራ አሰረች፤
ካሜራዋ እንደ ፔሊካን ተቀመጠች። ዝም አለች።

"ብቻዬን" አለ ባዘዘው። በሩን ሳበ። ሄደ፤
በዘንባባው ሥር፣ በድልድዩ አድርጎ፣ የበዛዊትን ዳገት ወጥቶ ወረደ፤
ከሩቅ ይሰማናል፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ማርሽ፣
ስመኝ ዓይኗን ጨፍና "በርቺ" ትላታለች፤ እኔ "ቀስ ብለሽ"።

ሲመለስ ከፈትነው በስመኝ ስልክ፣ ሦስታችን አናት ላናት ገጥመን።
መጀመሪያ መንገዱ። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ። ስመኝን ጠቀስኳት በዓይን።
ከዚያ፣
ለካ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ፣ ደንገሉን ስታደርቅ ቆይታ፣
ካሜራዋ ዞራለች፣ ስሟን እንደጠሯት ሴት፣ ከእስሯ ተፈትታ።
መንገዱ ጠፋ።
የባዘዘው ፊት መጣ፤ ግማሹ፣ ጆሮውና ሪዙ፣
በጎኑ፣ በመስኮቱ፣ ሐይቁ ሲሮጥ፣ ታንኳዎቹ ዓሣ እንደያዙ።
ያወራል። ለማን? ማንም የለም። ሞተሩ እያጓራ፣
ወደ መሪው ጠጋ ብሎ፣ ሰው ለሰው እንደሚያወራ፦

"አይዞሽ። ጣሪያ ያለው ሰው ነው ያገኘሁልሽ፤
ከእንግዲህ የክረምት ዝናብ አይወርድም በላይሽ።
ሁለተኛ ማርሽሽ አመለኛ እንደሆነ ነግሬዋለሁ፤
በጠዋት ብርድ እንዳያጣድፍሽ አስምዬዋለሁ።"

ስመኝ ልታጠፋው እጇን ሰደደች።
እኔ መሬት መሬት አየሁ።
ያፈርኩት ለሥራዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያሰርኩት ላልቶ አያውቅም።
"ልድገመው" አልኩት፣ "በሽቦ። አላስከፍልህም።"
"ተወው" አለኝ።
"መንገዱማ እዚሁ ነው። አይሄድም የትም።"

ሰኞ ገዢው ከኮምቦልቻ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለ፤
ባዘዘው በእግሩ ሄደ፣ በዘንባባው ጥላ፣ ባጃጁ ሁሉ "ግባ" እያለ።
መቆሚያውን ፈትቼ ግድግዳ ላይ መታሁት፤ ሽርጥ እሰቅልበታለሁ።
ደንገሉን ስመኝ ወሰደችው።
"ደርቋል እኮ" ብላት፣
"ይንሳፈፋል ግን" አለች፣ ብስክሌቷ ላይ እያሰረችው።