ከማሽኑ ጀርባ

ቶዋኮ ሙራይ፣ አስራ ስድስት ዓመቷ፣
ትለማመዳለች ማለዳ ከቤቷ
«ደህና አደራችሁ» ለማለት ባንደበቷ።
በትራሙ መስኮት ከንፈሯን አሹላ፣
አንዴ ቀዝቀዝ አድርጋ፣ አንዴ ሞቅ በሌላ፣
«ደ» ላይ ጠንከር፣ «ና» ላይ ለስለስ ብላ፣
ቃሏን እንደ ስንቅ ቋጥራ ጠቅልላ
ክፍሏ በር ስትደርስ ስንቋ የለም፤ ተበላ።

የሚወጣት ድምፅ፣ እንዴት ልንገራችሁ፣
ዘይት የናፈቀው በር ሲጢጥ ሲል ሰምታችሁ?
ዞር ያለ የለም። አንዱ ልጅ ተነስቶ
መስኮቱን ዘጋ እንጂ፣ ነፋስ መስሎት ገብቶ።

ሰው ሲቀርበው ወዲያው የሚከፈት በር፣
ያ የሱቁ መስታወት፣ ለድመትም ጭምር፣
ለሷ ግን ዝም ይላል፤ ፊቱ ተገትራ
እጇን ታነሳለች፣ አውቶቡስ እንደሚጠራ፣
ባለዘንቢል ባልቴት መጥታ እስክታልፍ ድረስ
ከኋላዋ ተለጥፋ ሾልካ እስክትደርስ።

በደብተሯ ጀርባ ርዕስ ጽፋለች፣
ሰው ቢያናግረኝ ብላ ተሰናድታለች፦
«አንድ፦ በረዶው። ሁለት፦ የሒሳብ ፈተና።
ሦስት፦ ድመት ትወዳለህ? እዚህ ላይ ሳቅ፣ አጭር ግን ደህና።»
የክፍሉ አለቃ፣ ሚናሴ፣ ዞር ብላ
«ላጲስ አለሽ?» ስትል፣ በርበሬ መስላ
«ድመት!» አለች ጮኻ፣ ሁለት ርዕስ ዘላ።
መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች፤
የቶያማ መሬት ግን በረዶ ለብሳለች፣
እስከ ጸደይ ድረስ ማንንም አልውጥ ብላለች።

ምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ሰው በሰው ሲከበብ፣
ጠረጴዛ ሁሉ ሲጎተት፣ ሲቀራረብ፣
ከስፖርት አዳራሹ ጓሮ ትወርዳለች፣
ሳንቲም ጎራሹን ማሽን ትጎበኛለች።
የበቆሎ ሾርባ፣ ሙቅ፣ በቆርቆሮ።
«ስለገዙን ምስጋና!» ይላል የተቀዳ ድምፅ፣ አምሮ።
እሷም እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ በወግ
«እኔም አመሰግናለሁ! ብርዱስ? እንዴት ነሽ? በደግ?»
ያ በክፍል ውስጥ ሲጢጥ የሚል ጉሮሮ
ይንፎለፎላል እዚህ፣ እንደ ቧንቧ ተሰብሮ።
የመምህሩን ሳል አስመስላ ታሳያለች፣
የድመቱን ጉድ ከነድምፁ ትተርካለች፣
በራሷ ቀልዳ ራሷ ትስቃለች።
ደግሞ ታስቃለች።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?» ካላችሁ፣
እውነቱን ላውጣው፤ አትሳቁ እባካችሁ።
ከማሽኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው መሐል፣
ላንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት ይገኛል።
ሞተሩ ይሞቃል፤ ሰው አይደርስበትም፤
ከሚያዝያ ጀምሮ፣ ምሳዬን ስበላ፣ ማንም አላየኝም።
እኔ? ኪሺሞቶ። ሌላ ክፍል ነኝ። ብዙ አትጠይቁ።
የሱቁ በር ለኔም አይከፈትም፤ እሱን እወቁ።

የካቲት ላይ፣ ማክሰኞ፣ ማሽኑ ተበላሸ፣
መቶ የኗን ዋጠና ድምፁም ሸሸ።
ቶዋኮ ጠበቀች። አንዴ መታ አደረገችው፣ በስሱ።
«ተቀየምሽኝ እንዴ? ትናንት ብዙ አወራሁ?»
ስትል፣ እኔ ከወዲያ ምራቄን ዋጥሁ።
እንዲያ ያለ ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አብሮኝ ነው ያደገ።
አፌ ሳያማክረኝ አንድ ነገር አደረገ፦
በቀጭን የሴት ድምፅ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣
«ስለገዙን ምስጋና!» አልሁ ፈዝዤ።

ጸጥ አለ። በረዶው ሲወርድ ይሰማ ነበር።
«ሳንቲሜን ግን በላሽ» አለች፣ በድፍረት፣ ጥቂት ቆይታ።
እኔም፣ ሞኙ፣ በጎን በኩል
መቶ የን የያዘ እጄን አወጣሁ።

ጩኸቷ መምህራን ቢሮ ድረስ ተሰማ።
ሮጠች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣
ዞራ ለማሽኑ እጅ ነስታ
ደግሞ ሮጠች።

በማግስቱ ማሽኑ ላይ «አይሠራም» ተለጥፎ፣
ከሥሩ አንድ ቆርቆሮ ሾርባ፣ ገና ትኩስ፣
ከደብተር ጀርባ በተቀደደ ወረቀት ተደግፎ፦
«ማሽን ውስጥ ለሚኖረው ሰው።
አንድንና ሁለትን ዘልያለሁ።
ድመት ትወዳለህ?»

ይኸው ዛሬ፣ ከማለዳ ጀምሮ፣ በትራሙ መስኮት፣
«አዎ» እለማመዳለሁ፤
አንዴ ቀዝቀዝ፣ አንዴ ሞቅ አድርጌ።
ሁለት ፊደል ናት።
ቀላል እንዳትመስላችሁ።