ሠርገኛ

ቢቸና መብራት የለም፤ ኮምፒውተሩ ተኝቷል፣
ስማቸው ከትንሿ ካሜራ ላይ አጎንብሷል።
የእህቷ ልጅ ሠርግ ነው፤ ሃያ ሰው ተደርድሮ፣
ሟች ከዳር፣ ከድንኳኑ ባላ ጋር ተዳብሮ።

«እሱን ብቻ» አለች አንጓች፣ «ለሙት ዓመት፣ ጎላ ብሎ።»
ቁልፉን ጫን፤ ሙሽራዋ የለች።
ጫን፤ ሚዜው ቀረ ጉንጩ ተከፍሎ።
አንዴ ቢደግም ፊቱ ተበተነ፣
ዓይን ከቅንድብ ተደባልቆ ሠርገኛ ጤፍ ሆነ።

«በዛ፤ መልሰው» አለች። መለሰው።
ዙሪያውን ሲከረክመው
ትከሻው ላይ ባለቤት የሌለው እጅ ቀረ።
«ይቺንም ላውጣት፣ ትንሽ ጠበብ...» ብሎ ጀመረ።

እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች፤
ያው ቀለበት፣ ያችው የተጣመመች ትንሿ ጣት።

«እሷን ተዋት።
እኔም እዚያ ነበርኩ።»