ደግሞም ሴት ልጅ

ፒያሳ፣ ወርቅ ቤቱ ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ቢሮዬ፣
የጥንት ጀርመን ባላባት የዘር ሐረግ ተቀብዬ፣
“ግራፍ ዲትማር” ላይ ቆምኩ፤ አስቸገረኝ ማዕረጉ፦
ራስ ብለው በዛበት፤ ደጃች ብል አነሰ ወጉ።

ሦስት ወፍጮ ነበረው፣ ግንቡ በወንዝ ማዶ፤
ሄድቪግን አገባ፣ የጨው ጉድጓድ ወዶ።
በኩሩ ወረሰ፣ ታናሹ መነነ፤
ሦስተኛው ከፈረስ ወድቆ አፈር ሆነ።

ከሥሩ አንድ መስመር፦ “ደግሞም ሴት ልጅ” ይላል።
ስም የለም። ነጥብ ነው። ገጹ እዚያ ያልቃል።
ከመንገዱ ረዳት “አራት ኪሎ!” ይጣራል።

ሰባት ቤት አስቆጥሮ ነው ያሳደገኝ አባቴ፤
ሰባቱም ወንዶች ናቸው። ማን ነበረች ቅድመ አያቴ?

በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣ “ወለተ…” ብዬ ጻፍኩ።
ወለተ ማን?
ላጲሱን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ መልሼ ከተትኩ።