የቀኙ ዐይን

"ቀኛዝማች ወርዶፋ ከጣልያኑ ሻምበል
ከአንገቱ ፈትቶ…" ሲባል፣ ሲባል፣ ሲባል፣
ሦስት ሣጥን ተሻግሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ
ቶሮንቶ ደረሰ፣ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ካልሲ መሀል ተጥሎ።

ሽማግሌው ፔትራኪስ፣ የዳንፎርዙ ሰዓት ጠጋኝ፣
በጥፍሩ ጫፍ ፋቀው፣ እፍ አለው፣ ጠረገው፣
ዝገት የሸፈነውን ጉድ ለብርሃን ዳረገው፦
አንዲት "ሲ" ፊደል ናት፣ ቀስት በሆዷ የዋጠች።
"የካናዳ ጦር ዕቃ ናት" አለኝ፤ "እዚሁ ተሠራች፣
ሊሳይድ፣ በአውቶቡስ ስድስት ፌርማታ፤
በአርባ አራት ዓ.ም.።" ዝም አልሁ ለአፍታ።

"በማን አቆጣጠር?" አለ አባቴ በስልክ፣ እንደ ጠበቃ።
ቀነስነው፦ ሠላሳ ስድስት። ጣልያን ከወጣ ሦስት ዓመት፣ በቃ።

የቀኙ ዐይን ቀለበት ግን ዝጎ ቀርቷል፣ ከአንዲት ጭረት ላይ ተጣብቆ፣
ወርዶፋ ለገዛ ዐይኑ ባቆመው ልክ፣ ስንት ዘመን ጠብቆ።
የራሴን መነጽር አወለቅሁ፤ አስጠጋሁት፤ በመስኮቱ ማዶ
ግራው ጭጋግ፤ በቀኙ ጥርት ያለ ጎዳና፣ በጨው የበሰበሰ በረዶ።

"ምን ታያለህ?" አለ አባቴ፤ ስልኩን ለካስ አልዘጋሁም።
"ዳቦ፣ አራት ዶላር። በቀኝ ዐይኔ። ቀለበቱን አልነካሁም።"