ማንኳኳት

ኮንግስበርግ፣ ኖርዌይ። ብር በሚወጣበት
ጉድጓድ ውስጥ፣ ቶርኬል ከሥራው በፊት
ጣሪያውን ይመታል በብረት ዘንግ ጫፍ፤
መልሱን ሳያዳምጥ አንዲት እርምጃ አያልፍ።
"ደህና አለት ሲመቱት ይጮኻል እንደ ደወል፤
ውስጡ የተሰነጠቀ ድምፁን ያፍናል፤ ከሥሩ አይዋል።"

በዚያ ክረምት ልጁ፣ ቶርዲስ፣ ማንኪያ ይዛ ዞረች፤
በርሜሉን፣ ምድጃውን፣ የወንድሟን ግንባር መታች፤
ለግንባሩ ብቻ ተቀጣች።
(ይህን የነገረኝ ያው ወንድሟ ነው፤
ግንባሩን እያሻሸ፣ ዛሬም እንዳመመው።)

ሃያ አምስት ዓመቷ፣ ሃማር ሥራ ያዘች።
ጫካው ውስጥ፣ በጥድና በበረዶ መሃል፣
በየጉድጓዱ ሥር የብረት ጆሮ ተቀብሯል፤
ከጆሮው ሽቦ፣ ከሽቦው ብዕር፣
ብዕሩ ሌት ተቀን ወረቀት ሲጭር።
መንግሥት የሚፈልገው የቦምብ ድምፅ ነው፤
በሩቅ በረሃ ሥር ማን ምን እንደሞከረው።
የቀረው፣ "የተፈጥሮ" ተብሎ የሚጣለው፣
የእሷ ድርሻ ሆነ፤ እንደ ቃርሚያ ለቀመችው።

ከቶንጋ ባሕር በታች፣ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ወርዶ፣
አንድ ነገር ተሰበረ። ድምፁ ተነሣ ማልዶ፤
የቀለጠውን ብረት ዋኝቶ፣
የምድርን አስኳል መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ወጥቶ፣
የቶንጋ ዓሣ አጥማጅ ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣
ሃያ ደቂቃ ባልሞላ፣ ሃማር ላይ ብዕር ነቃ።

"ጥሩ መንቀጥቀጥ" የሚሉት አለ በሙያው፤
ጥርት ያለ ማለት ነው፣ መስመሩ የማያምታታው።
አንድ ጠዋት ኤይንድሪዴ ገባ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፦
"እንዲህ ያለ ውበት! በዐሥር ዓመት አንዴ አይገኝም ከቶ።"
ማታ በሬዲዮ የአንድ ከተማ ስም ተነገረ፤
ከዚያ የሟቹ ቁጥር፤ ከዚያ ቁጥሩ ጨመረ።
ኤይንድሪዴ ወረቀቱን ጠቅልሎ አስቀመጠ።
በነጋታው ፈታው። እንዳለ ነው፤ አልተለወጠ።
ያማረ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ቶርዲስ ጥልቆቹን መረጠች፤
ከታች የሚሰበሩ፣ ከላይ የማይገድሉትን።
"እነሱ ይበቁኛል" አለች። አይበቁም፤ ጥቂት ናቸው።
የሌሎቹንም ወረቀት ወሰደች፤
የከተሞቹን ስም ከጀርባው ጻፈች እንጂ፣ አልጣለቻቸው።

ማስመሪያ፣ ሹል እርሳስ፣ ዓመት በዓመት ላይ፤
ሐኪም በድምፅ ብቻ ፅንስ እንደሚያይ፣
"የት ፈጠነ? የትስ ዘገየ?" ስትል ኖራ
አገኘች፤ ድምፅ የሚያነክስበት፣ የግርጌ ተራራ፦
ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣
ከቀለጠው ብረት ዳር፣ ለብቻው ተነጥሎ።

ጻፈች። ሦስት ገምጋሚ። ሁለቱ ዝም አሉ።
ሦስተኛው፣ "የብዕር መንቀጥቀጥ ነው" አለ፣ በአጭር ቃሉ።
እሷም ተጠራጠረች። የአባቷን ዘንግ አሰበች፤
"አለቱ ነው ያፈነው፣ ወይስ የእኔ ጆሮ?" አለች፤
ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ቆለፈች።

ሠላሳ ዓመት። ባሏን ቀበረች። ጉልበቷ ከዳት።
ብዕሩም ተነቀለ፤ ኮምፒውተር ተተካበት።
በጡረታዋ ዋዜማ፣ አስላክ የሚባል ተማሪ፣
ከካራሾክ የመጣ፣ እንቅልፍ የማያውቅ ጀማሪ፣
የሺህ ጣቢያ ድምፅ አጣምሮ፣ ስክሪኑ ላይ ዘረጋ፤
"አዩት? ከዚህ በፊት ያየው የለም" አለ፣ ሳይነጋ።

ቀይ ነበር። ያው ተራራ። ከእርሳሷ ምልክት
ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ያለ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት።
የመሳቢያው ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነበረ፤
እጇ ወደዚያ ሄደ፤ ዳሰሰው፤ እዚያው ቀረ።

በሌላው እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ በጥፍሯ፣ አንድ ጊዜ፣
ስክሪኑን መታ አደረገች፤ ጆሮዋን ሰጠች።
"ምን ይላል?" አስላክ ሳቀ።
"መስታወት ነው" አለች።