ግራው ይከብዳል

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ አስፋልት ከሚያልቅበት፣
ሊፍት ይመጣል ሲባል፣ ጉድጓድ ከቀረበት፣
ከብሎኩ ደረጃ፣ ከወለሉ በታች
አንዲት ክፍል አለች፣ ባለቤት ያጣች።
እኔና ገመቹ፣ ጠርገን ገባንባት፤
ድመቷን አስለቅቀን፣ አምፖል ሰቀልንባት።

ቱቦው ከገመቹ ነው፣ ከቧንቧ ሥራ የተረፈ፤
ጣሳው ከቀለም ቀቢ፣ ጽሑፉ የተቀረፈ፤
ሲሚንቶውን ግን ተዉት፣ ንፋስ ነው ያራገፈ።

አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፤
“ውሃ ጨምር” ሲለኝ፣ “ይቀጥናል፣ ኧረ ዋ!”
ቱቦውን አቁመን፣ በብሎኬት ደግፈን፣
በፌሮ ቁራጭ ወጋን፣ አየሩን አራግፈን።
አንዱ ሲደርቅ ሌላውን፣ ገልብጠን ሞላነው፤
ሳምንት ሙሉ ደግሞ፣ እንደ ችግኝ አጠጣነው።
“ድንጋይ ሊያበቅሉ ነው” ሲሉ ሰማናቸው
የሁለተኛ ፎቅ ልጆች፤ ዝም አልናቸው።

ወፍጮ ቤት ወሰድነው። ጋሽ ደቻሳ፣ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ፣
አንዱን ጫፍ ጫነና፣ መዝኖ መለሰ፤
ሌላውን ጫነና፣ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ሲል ጨረሰ፦
“ቀኙ ሃያ ሞልቶ፣ ግራው ሃያ አንድ ደረሰ።
ጤፍ ቢሆን አንድ እፍኝ፣ ዘግኜ ባቀናሁ፤
ድንጋይ አይዘገንም። በሉ አንሱት፣ ሠልፍ ዘጋችሁ።”

ያቺ አንድ ኪሎ፣ የገመቹ ጥፋት ናት፤
እሱ የአንተ ይለኛል፤ እስካሁን አልዳኘናት።
አሥር ጊዜ አንስተን፣ ዞረን በዚያ በኩል
አሥር ጊዜ ደግሞ፣ ትከሻ እንዲካፈል።

አግዳሚው ከኮንክሪት የተረፈ፣ የባሕር ዛፍ ሳንቃ፣
ምስማሩ ብቅ ሲል፣ ጀርባ የሚያነቃ።
መስታወት የለንም፤ የሚኒባስ ስፖኪዮ አለን፣
አንድ ክንድ ብቻ ነው፣ በአንዴ የሚያሳየን።

አንድ ቀን አመሻሽ እታገኝ መጣች፣
ከጎናችን ሕንፃ
ባሬላ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ስትመላለስ የምትውለው።
በሩ ላይ ቆማ አየችን።
“ምንድን ነው?”
“ብረት።”
“ሲሚንቶ ነው እንጂ። የት ታደርሱታላችሁ?”
“የትም።”
“አንስታችሁስ?”
“እንመልሰዋለን።”
“ከዚያስ?”
“ደግመን እናነሳለን።”
“ማን ይከፍላችኋል?”

ገመቹ ሳቀ። እኔ ስፖኪዮውን መጥረግ ያዝኩ።
እሷ ጎንበስ አለች፣ ቱቦውን ጨበጠች፤
እኔ ሁለት ወር የታገልኩትን
ትንፋሿ ሳይሰማ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።
እንዳረፈ እግሯ ወደ ደረጃው ዞረ።
ሁለት እርምጃ ተራምዳ ነው ትዝ ያላት፤
“ለካስ አይወጣም” አለች፣
መልሳ ከቦታው አኖረችው፣ ቀስ ብላ፣
እንቅልፍ የወሰደው ልጅ እንደሚተኛ።
“ግራው ይከብዳል” አለችን፣ መዳፏን እያራገፈች።
ማንም አልነገራትም።

ሐሙስ ማታ መጣች፣ በፌስታል ጠቅልላ
አንድ ጥቁር ድንጋይ፣ ሽቦም አስከትላ፤
ቀኙ ላይ አሰረችው፣ በፒንሳ አጥብቃ፣
እኛ ስንሟገት የከረምንበትን፣ እሷ በአፍታ አውቃ።
አሥር ጊዜ አነሳች፤ አሥር ጊዜ እዚያው መለሰች።
ፎርማን አልቆጠረ። ራሷ ቆጠረች።

ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ለሚዛን አልሄድንም።
ዞረን ማንሳቱን ግን፣ እስካሁን አልተውንም።