ቀኝ እጄ ብቻ

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣
በመጋረጃው ስር ጎንበስ ብሎ ነው ሰው የሚገባ።
ሦስት ቴሌቪዥን፣ አራት አግዳሚ፣
ላንድ ተጫዋች ዘጠኝ ገምጋሚ።
ትርንጎ ከበሩ ጥግ፣ ደብተሯ ጭኗ ላይ፣
ስም ትጽፋለች፣ ሰዓት ታያለች፤ ፊት አታይ።
አሥር ደቂቃ አምስት ብር፤
"አለቀ!" ካለች አለቀ፣ የለውም ድርድር።

ሌሎቹ ኳስ ላይ ናቸው፤ ይማማላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣
ባልረገጡት አገር ቡድን ይጣላሉ።
እኔ ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ በሚያደላባት አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት፣
በረዶ በሚወርድባት ከተማ ነበርኩ፣ ማክሰኞ ከሰዓት።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ አለ።
ጨዋታው ነው የሰጠኝ፣ እኔ አልጠየቅሁም፤
ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ በቅጡ አልያዝኩትም፤
"አባባ" አልኩት።
መንገድ ያሳየኛል፣ ያስላል፣ ቁስሌን ያስራል፣
ስሮጥ ይሮጣል፣ ስቆም ጉልበቱን ይዞ ያርፋል።
ሦስት ቀን ሙሉ፣ በአምስት አምስት ብር፣ አብረን ሄድን።
ጥይት ሲያልቅብኝ የራሱን ሰጠኝ፤
ሱራፌል (ብር የሌለው፣ ሁሌ ቆሞ የሚያይ፣
ስምንት ዓመት ቢሞላው ነው)
"ጎበዝ ሽማግሌ" አለው፣ ለሰው እንደሚባለው።

ከዚያ የብረት በር።
እኔ ከውስጥ፣ እሱ ገና ድልድዩ ላይ ነበር፤
እያነከሰ ይመጣል፣ አውሬዎቹ ከኋላው።
ብጠብቀው ውጊያው ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤
ብዘጋው ምዕራፉ እዚያው ያልቃል።
"ሁለት ደቂቃ!" አለች ትርንጎ።
ኪሴን ዳበስኩ፤ የቀረችኝ የታክሲ ናት።
ዘጋሁት።

ማንኳኳቱ በጆሮዬ አልመጣም፣
የኳሱ ጩኸት መንገድ አልሰጠውም።
በጆይስቲኩ መጣ፣ በመዳፌ፤
ድም፣ ድም፣ እንደ ተያዘች ወፍ።
የግራው ንዝረት ከተበላሸ ቆይቷል፤
ቀኝ እጄ ብቻ ሰማ።
"ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አይወቅ" ይባላል፤
ለምጽዋት ነበር የተባለው።

ድም።
ከዚያ ምንም።

"ደርሶ ነበር እኮ" አለ ሱራፌል።

እዚያው ላይ መብራት ጠፋ።
"ማነው ያጠፋ?" አለ አንዱ፣ ከጨለማው መሐል ቀልዶ፤
ቤቱ ሳቀ። የኔ ሳቅ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ በረዶ።

የዳቦ ቤቱ ጄኔሬተር ተንደቀደቀ፤
ቴሌቪዥኑ ዓይኑን ገለጠ፤
ያደረግሁትን ጨዋታው አልመዘገበም።
እነሆ ድልድዩ። እነሆ በሩ። እነሆ አባባ፣
እያነከሰ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣
ቂም የሌለው፣ ቂም የት ይገኛል ቢሉት የማያውቀው።
ትርንጎ እንኳ ራርታ
"ለጠፋብህ አምስት ደቂቃ ጨምሬልሃለሁ" አለች።
ንስሐ በጄኔሬተር ሲመጣ አየሁ።
ስንቱ ሰው ዳግመኛ ዕድል ለምኖ ያጣል፣
እኔ ሳልለምን ተሰጠኝ።

ዘጋሁት።
አሁን ፈጥኜ፤ ጣቴ መንገዱን ለምዶታል።
ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ጣልኩት፣ እንዳይሰማኝ።
እንጨቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ
ሱራፌል ትንሽ እጁን ጫነበት፣
እስኪያቆም ድረስ።

ዛሬ ዶሮ ማነቂያ በነበረበት ሰፊ መንገድ አለ፣
ሣር አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት አለ።
ትርንጎ ደብተሯን ይዛ ወዴት እንደሄደች አላውቅም።
ሱራፌልንም፣
እውነቱን ለመናገር፣ አልጠየቅሁም።

አሁን ማሽኑ የራሴ ነው፤ ደቂቃ የሚቆጥርብኝ የለም።
ያን ጨዋታ ፈልጌ ገዛሁት።
አንዳንድ ሌሊት እስከ በሩ እደርሳለሁ፤
አባባ ከማዶ ይመጣል፣ በረዶው ትከሻው ላይ።
ልጠብቀው እችላለሁ፣ እስኪነጋ ድረስ።
ገና ማንም ሳያንኳኳ ግን
ቀኝ እጄ ይጀምራል።

ተነሥቼ ገመዱን እነቅላለሁ።
ባለቤቴ ከመኝታ ቤት፣ በእንቅልፍ ድምፅ፣
"አጠፋህ?" ትላለች።

"አጠፋሁ።"